በብሪታንያ ገጠር በአዳኝ ውሾች የሚካሄደው አደን ያስነሳውን ክርክር እንዴት መመርመር ይቻላል?

በእንግሊዝ ገጠር ፈረሰኞች አዳኝ ውሾችን አስቀድመው ቀበሮ የሚያሳድዱበት ልማድ ለአንዱ ወገን ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ባህል ሲሆን፣ ለሌላው ወገን ሕግ ሊታገሠው የማይገባ ጭካኔ ነው። ጉዳዩ የአገሪቱን ፓርላማ ለዓመታት አከራክሯል፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ አስወጥቷል፣ ከፍተኛው ችሎት ድረስ ደርሷል፤ ሕግ ወጥቶለት ከ20 ዓመት በኋላም አልበረደም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በጉዳዩ ላይ ለመጻፍ ወይም ለመከራከር ለሚዘጋጅ፣ ተማሪዎችን ለሚያወያይ፣ እንዲሁም እዚያው ገጠር ውስጥ እየኖረ በዓይኑ የሚያየውን ነገር በትክክል መረዳት ለሚሻ አንባቢ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። ለመዝናኛ ሲባል አንድን የዱር እንስሳ በብዙ ውሾች ማሳደድ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ ይህን አቋም የሚጋሩ ብዙ ሰዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ የላላ መሆኑ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የላላ ማስረጃ የሚጠቅመው ተቃራኒውን ወገን ብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች ይህን ያህል ዘመን ሳይግባቡ የቆዩበት ዋና ምክንያት አንዱ ሌላው ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መሆኑ ነው። አንዱ «ቀበሮው ይሠቃያል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው ስለ ገበሬው ኑሮ ይመልሳል፤ ገበሬው ስለ ግልገሎቹ ሲያነሳ ደግሞ ስለ ባላባት አዳኞች ቀይ ኮት ይነገረዋል። ስለዚህ የመርማሪው የመጀመሪያ ሥራ ጥያቄዎቹን መነጣጠል ነው።

የትኛው አደን? የትኛው እንስሳ?

«አደን» የሚለው ስም ብዙ የተለያዩ ድርጊቶችን ይሸፍናል። ማንኛውም ሰው ስለ ጉዳዩ ሲናገር ከመስማማት ወይም ከመቃወም በፊት ስለ የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ዘዴ፣ በየትኛው የብሪታንያ ክፍል እና አደኑን ከከለከለው ሕግ (ከእገዳው) በፊት ስለነበረው ወይስ በኋላ ስላለው ድርጊት እንደሚናገር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከእገዳው በፊት በብዛት ይታወቅ የነበረው የቀበሮ አደን ነው። ዋናው ወቅት ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት ድረስ ይዘልቃል። ውሾቹ የሚቆጠሩት ጥንድ ጥንድ ተደርገው ሲሆን፣ በአንድ ቀን ከ15 እስከ 20 ጥንድ የሚሆኑ ይወጣሉ። አደኑን በኃላፊነት የሚመራው ሰው ማስተር ይባላል፤ ውሾቹን በድምፁና በመለከቱ የሚያዝዘው ዋና አዳኝ ነው፤ የሚበተኑትን ውሾች በጅራፍ ድምፅ የሚመልሱ ረዳቶችም አሉት። ውሾቹ ወደ ጥሻ ይለቀቃሉ፤ ጠረን ሲያገኙ መጮኽ ይጀምራሉ፤ ቀበሮው ከጥሻው ሲወጣ አዳኙ መለከቱን አከታትሎ በአጫጭሩ ይነፋል፤ ከዚያም ፈረሰኞቹ ከኋላ ይከተላሉ። መጨረሻው ከሦስት አንዱ ነው፦ ቀበሮው ያመልጣል፣ ውሾቹ ሜዳ ላይ ይገድሉታል፣ ወይም ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ቴሪየር የሚባሉ ትናንሽ ውሾች ይላኩበትና ሰዎች በአካፋ ቆፍረው አውጥተው በጥይት ይገድሉት ነበር።

በፎቶግራፍ የሚታወቀው ይህ የክረምቱ ትዕይንት ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ተመልካች በማይበዛበት ማለዳ፣ ወጣት ውሾችን ለማለማመድ በዚያው ዓመት የተወለዱ ቀበሮዎች ይታደኑ ነበር። በሎርድ በርንስ የተመራው የመንግሥት አጣሪ ቡድን በሰኔ 2000 ባወጣው ሪፖርት፣ የተመዘገቡት የአደን ማኅበራት በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ ከ21,000 እስከ 25,000 ቀበሮ እንደሚገድሉ የገመተ ሲሆን፣ ከዚህም 40 በመቶ ያህሉ በዚህ በመጸው ወቅት የሚገደል ነበር። ስለ ባህሉ ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ክፍል ዘልሎት ካለፈ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው።

የሌሎቹ እንስሳት ጉዳይ ለየብቻው መታየት አለበት። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኤክስሙር አካባቢ ቀይ አጋዘን ለሰዓታት ከተሳደደ በኋላ ደክሞ ሲቆም በጥይት ይገደል ነበር። የዱር ጥንቸል ደግሞ በሁለት መንገድ ትታደን ነበር፦ ሰዎች በእግራቸው በሚከተሏቸው ቢግል ውሾች፣ እንዲሁም ሁለት ፈጣን ውሾች ተለቅቀውባት ብልጫቸው በነጥብ በሚለካበት ውድድር። በሰሜን እንግሊዝ የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ላይ ፈረስ የማይወጣው ዳገት ስለሚበዛ ቀበሮ አደኑ በእግር ነበር፤ ዓላማውም ከሌላው ቦታ ይልቅ ለበግ አርቢው የቀረበ ነበር። «ሁሉም ያው ነው» የሚለው አነጋገር ለተቃዋሚውም ለደጋፊውም ይቀናል፤ መርማሪ ግን ሊቀበለው አይገባም።

ሕጉን በራስ ዓይን ማንበብ

ብዙ ተከራካሪዎች ሕጉን ሳያነቡ ስለ ሕጉ ይናገራሉ። ለእንግሊዝና ለዌልስ የወጣው የ2004 የአደን ሕግ አጭር ነው፤ በአንድ ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል፤ የፀናውም ከየካቲት 18 ቀን 2005 ጀምሮ ነው። ዋናው ድንጋጌ የዱር አጥቢ እንስሳን በውሻ ማደን በሕጉ ካልተፈቀደ በስተቀር ወንጀል ነው ይላል። የክርክሩ ቁልፍ ያለው ግን «ካልተፈቀደ በስተቀር» በሚለው ሐረግ ውስጥ ስለሆነ፣ አንባቢው ከዋናው አንቀጽ ይልቅ ከሕጉ ጋር በተያያዘው የልዩ ሁኔታዎች ዝርዝር ላይ ጊዜ ቢያጠፋ ይጠቅመዋል።

ዝርዝሩ ከሚፈቅዳቸው መካከል ከሁለት ባልበለጡ ውሾች እንስሳውን ከተደበቀበት አስወጥቶ ወዲያውኑ በጥይት መግደል፣ አይጥና ጉድጓድ ቆፋሪ ጥንቸልን ማደን፣ እንስሳውን ለአዳኝ ወፍ ከጥሻ ማስወጣት፣ የቆሰለ እንስሳን መታደግ፣ ለምርምርና ለምልከታ ከሁለት ባልበለጡ ውሾች መጠቀም ይገኙበታል። ለተኩስ ስፖርት የሚረቡ ወፎችን ከቀበሮ ለመጠበቅ ደግሞ አንድ ውሻ ጉድጓድ ውስጥ መላክ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ተፈቅዷል። ቅጣቱ የገንዘብ ብቻ ነው፤ እስራት የለበትም። መጀመሪያ ጣሪያው 5,000 ፓውንድ ነበር፤ ከ2015 ወዲህ ግን ጣሪያ የለውም። ፍርድ ቤቱ ውሾችንና ተሽከርካሪዎችን እንዲወረሱም ማዘዝ ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ የፍርድ ቤት ትርጓሜ መታወቅ አለበት። በ2009 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የት እንዳለ ገና ያልታወቀን እንስሳ መፈለግ ብቻውን በሕጉ አነጋገር «ማደን» አይደለም ሲል ወሰነ። ወንጀሉ እንዲቋቋም ተከሳሹ አውቆና ፈልጎ እንስሳውን ማሳደዱ መረጋገጥ አለበት። በመሆኑም «ውሾቹን ጥሻ ውስጥ አይቻቸዋለሁ» የሚል ምስክርነት፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ብቻውን የትም አያደርስም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ስለ መላው ብሪታንያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ቀድማ በ2002 ሕግ አወጣች፤ ያ ሕግ ቀበሮን ወደ ተኳሾች ለማስወጣት ብዙ ውሾችን መጠቀም ይፈቅድ ስለነበር፣ በ2023 በሌላ ሕግ ተተካ። አዲሱ ሕግ የውሾቹን ቁጥር በሁለት ገደበ፣ ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ሰው የፈቃድ ሥርዓት አበጀ፣ ከታች የምመለስበትን የጠረን ዱካ አደንንም ወንጀል አደረገ። በሰሜን አየርላንድ ደግሞ የቀበሮ አደን አልታገደም፤ ይህን ለመለወጥ የቀረበው ረቂቅ በታኅሣሥ 2021 በምክር ቤቱ ወደቀ።

የሕጉ አወጣጥም የክርክሩ አካል ነው። የታችኛው ምክር ቤት አባላት በ1997 እገዳን የሚደግፍ ረቂቅ በ411 ለ151 ድምፅ ቢያሳልፉም ረቂቁ ጊዜ አጥሮት ሳይጸድቅ ቀረ። በኋላም መንግሥት በፈቃድ የሚሠራ ሥርዓት ሲያቀርብ የታችኛው ምክር ቤት ወደ ሙሉ እገዳ ቀየረው፤ የላይኛው (የሎርዶች) ምክር ቤት አልቀበልም ስላለ ሕጉ የጸደቀው በ1911 እና በ1949 የወጡትን የፓርላማ ሕጎች በመጠቀም፣ ያለ ሎርዶቹ ስምምነት ነው። ደጋፊዎቹ ይህን አካሄድ ሕገ ወጥ ብለው ተከራከሩ፤ ዘጠኝ ዳኞች የተቀመጡበት ችሎት ግን በጥቅምት 2005 ውድቅ አደረገባቸው። በሰብዓዊ መብት ስም ያቀረቡት ሌላ አቤቱታም በ2007 ተቀባይነት አላገኘም። ስለዚህ ሕጉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሕግነቱን መካድ ግን ከእነዚያ ውሳኔዎች ወዲህ ፍሬ የለውም።

ሥቃዩን መመዘን

የበርንስ ሪፖርት ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ሰነድ በመሆኑ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሪፖርቱ ቀበሮው በውሾች መሳደዱና መገደሉ ደኅንነቱን በብርቱ ይጎዳል ይላል። ተቃዋሚዎች ጥቅሱን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ደጋፊዎች ደግሞ ሎርድ በርንስ በኋላ በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥተው ሪፖርቱ አደን ጭካኔ ነው ማለቱ እንዳልሆነ፣ ለዚያ ድምዳሜ በቂ ማስረጃ እንዳልነበረ መናገራቸውን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይጋጩም። የእንስሳው መጎዳት በምልከታና በምርመራ የሚለካ ነገር ነው። ጭካኔ ግን የአድራጊውን ዓላማና የድርጊቱን አስፈላጊነት የሚጨምር ፍርድ ስለሆነ ከላቦራቶሪ አይገኝም። ጥንቁቅ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ከሪፖርቱ ይወስዳል፤ ሁለተኛውን ራሱ በምክንያት ይሞግታል።

ሥቃይን ስንመዝን ንጽጽሩ ከምን ጋር እንደሆነም መጠየቅ አለብን። ቀበሮ በውሾች ባይታደን በጥይት፣ በሽቦ ወጥመድ ወይም በሌላ መንገድ ይገደላል። በርንስም ከሕጋዊዎቹ ዘዴዎች አንዱም እንከን የለሽ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ሆኖም ሌሊት በመብራት እየፈለጉ በጠመንጃ መተኮስ፣ በሙያተኛ እጅ ከተሠራ፣ ከውሾቹ አደን ያነሰ ጉዳት እንደሚያደርስ ሪፖርቱ ያስቀምጣል። ብዙ ጥቃቅን እርሳስ በአንዴ የሚረጨው ሾትገን የተባለው ጠመንጃ ግን አቁስሎ የመልቀቅ ስጋት እንዳለው ያስጠነቅቃል፤ በተራራማ ቦታ መብራትም ጠመንጃም በማይመችበት ሥፍራ ውሾች ከሌሉ አማራጩ የባሰ ሊሆን እንደሚችልም ያነሳል። የተቃዋሚው ወገን ይህን የመጨረሻ ነጥብ መሸሽ የለበትም።

ስለ አጋዘን ያለው ማስረጃ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ድርጅት ያሠራውና ፕሮፌሰር ፓትሪክ ቤትሰን የመሩት ጥናት በ1997 ሲወጣ፣ የተሳደዱ አጋዘኖች ደምና ጡንቻ እንስሳቱ ከተለመደው አቅማቸው በላይ መጨነቃቸውን እንደሚያሳይ አስረዳ፤ ድርጅቱም በመሬቱ ላይ የአጋዘን አደንን ወዲያውኑ አገደ። ሌሎች ተመራማሪዎች የጥናቱን አንዳንድ ትርጓሜዎች ተከራክረዋል፤ በማሳደዱ ማብቂያ ላይ ያለው ድካም ከባድ መሆኑን ግን ክርክሩ አላስቀረውም።

አስፈላጊ ነው ወይ?

«ካልታደነ ቀበሮ ይበዛል» የሚለው ክርክር በማስረጃ ሊፈተን የሚችል በመሆኑ ከሁሉ በላይ ይመቸኛል። በብሪታንያ በዓመት የሚሞቱት ቀበሮዎች ወደ 400,000 እንደሚደርሱ የበርንስ ሪፖርት ሲገምት፣ የተመዘገቡት ማኅበራት ውሾች የሚገድሉት ከዚህ ጥቂቱን ነው፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት በመኪናና በጥይት ነው። ከዚያም በ2001 የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ ሲዛመት አደን በመላ አገሪቱ ለአንድ ዓመት ያህል ተቋረጠ። ተመራማሪዎች አጋጣሚውን ተጠቅመው ከበሽታው በፊትና በኋላ የቀበሮዎችን ብዛት አነጻጸሩ፤ በ2002 ያወጡት ውጤት አደኑ በመቋረጡ ምክንያት የታየ ጭማሪ እንደሌለ አሳየ። ይህ ጥናት ስለ አጠቃላዩ ቁጥር እንጂ ስለ አንድ በግ አርቢ የአንድ ጸደይ ኪሳራ አይናገርም፤ ግልገሎቹ በቀበሮ የተበሉበትን ሰው ጥናቱን አንብቦለት ዝም ማሰኘት አይቻልም፤ አይገባምም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይባል። ቀበሮን ለመቀነስ ብቻ የተቋቋመ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ማኅበራቱ ቀበሮ የሚራባበትን ጥሻ ተንከባክበው ባላቆዩ ነበር። ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ በተለይ በሌስተርሺር ሁጎ ሜይኔል ፈጣን ውሾችን ካራባ ወዲህ፣ የአደኑ ዋና መስህብ ግልቢያው ነበር። ከሐቀኛ ደጋፊዎች ጋር ስንነጋገር ይህን አይክዱም፤ የሚሉትም ስፖርቱና ጥቅሙ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር የሚደረግ ክርክር ወደ ቁም ነገሩ ይደርሳል።

የገጠሩን ሰው ማዳመጥ

በመስከረም 2002 ከ400,000 በላይ ሰዎች በለንደን ጎዳናዎች ላይ ተሰለፉ። ሁሉም የፈረስ ባለቤት ወይም ባላባት አልነበሩም። የበርንስ ቡድን በአደን ላይ የተመሠረተውን ሥራ ከ6,000 እስከ 8,000 የሙሉ ጊዜ ሥራ ገምቶታል፤ ይህም ውሾቹን የሚጠብቁትን፣ የፈረስ ጫማ የሚመቱትን፣ ፈረስ የሚቀልቡትን ያካትታል። የአደን ማኅበራት ከገበሬው የሞተ ከብት እየሰበሰቡ ለውሾቻቸው ሥጋውን ይሰጣሉ፤ ይህም ለገበሬው ተጨባጭ አገልግሎት ነው። አውቶቡስ በማይደርስበት መንደር የክረምቱ ማኅበራዊ ሕይወት የሚሽከረከረው በማኅበሩ ዙሪያ ሊሆን ይችላል። ከተሜው የማያውቀውን ኑሮ በድምፅ ብልጫ ይደመስሳል የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቶኒ ብሌርም ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ በሕጉ መጸጸታቸውን ጽፈዋል።

ይህን ሁሉ ከተቀበልን በኋላ የሚቀረው ጥያቄ፣ ከእነዚህ ጥቅሞች መካከል የቀበሮው መሳደድ ከሌለ የሚጠፋው የትኛው ነው የሚለው ነው። ፈረሱ፣ ውሾቹ፣ ስብሰባው፣ የሞተ ከብት መሰብሰቡ ቀበሮ ሳይገደል ሊቀጥሉ እንደሚችሉ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በሰው ሠራሽ ጠረን የሚደረገው የድራግ አደን፣ እንዲሁም ብለድሃውንድ ውሾች የሯጭን ሰው ዱካ የሚከተሉበት አደን እስከ ዛሬ አሉ፤ ማንም አይቃወማቸውም።

የዛሬው ክርክር እምብርት፦ የጠረን ዱካ አደን

ከእገዳው በኋላ አብዛኞቹ ማኅበራት የጠረን ዱካ አደን ወደሚባለው ተሸጋገሩ። አንድ ሰው አስቀድሞ በፈረስ፣ በሞተር ወይም በእግሩ እየሄደ ጠረን የተቀባ ጨርቅ ይጎትታል፤ ውሾቹም ያንን ይከተላሉ። ከድራግ አደን የሚለይባቸው ነጥቦች ጥቂት ቢመስሉም ወሳኝ ናቸው። በድራግ አደን ጠረኑ እንደ አኒስ ያለ የቅመም ሽታ ነው፣ መስመሩም እንስሳ ከሚበዛበት ቦታ ይርቃል፤ በጠረን ዱካ አደን ግን ብዙ ጊዜ የቀበሮ ጠረን ጥቅም ላይ ይውላል፣ ዱካውም ቀበሮ ሊኖር በሚችልበት ሥፍራ ይዘረጋል፣ የውሾቹ መሪም መስመሩን ላያውቅ ይችላል። ውሾቹ በመሃል እውነተኛ ቀበሮ ቢያገኙና ቢገድሉ ማኅበሩ «አደጋ ነው» ይላል፤ ሕጉ ዓላማን እንዲያስረዱ ስለሚጠይቅ ዐቃቤ ሕጉ እዚያው ይቆማል። በእኔ አስተያየት የ2004ቱ ሕግ ትልቁ ድክመት ይህ ነው።

በ2020 የአደን ማኅበራት አመራሮች በበይነ መረብ ያደረጓቸው የሥልጠና ስብሰባዎች ቅጂ ወጥቶ የጠረን ዱካው ለሽፋን ያገለግላል የሚል ክስ አስነሳ። አንድ ተናጋሪ በ2021 ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ በ2022 በይግባኝ ነጻ ወጥቷል። ስለዚህ ጥፋተኝነቱን ብቻ ጠቅሶ ይግባኙን የሚያስቀር ጽሑፍ አሳሳች ነው። ይሁንና ከጥፋተኝነቱ ውሳኔ በኋላ፣ ከይግባኙ በፊት፣ የናሽናል ትረስት አባላት በጥቅምት 2021 እገዳን ደግፈው ድምፅ ሰጡ፤ ድርጅቱም ፈቃድ መስጠቱን አቆመ።

አንባቢው እዚያ አገር ሆኖ የአደን ቡድን ቢያይ፣ ለምሳሌ በልማድ ብዙ ሕዝብ በሚወጣበት በፈረንጆች ገና ማግስት በታኅሣሥ 26 ቀን፣ ምን መመልከት እንዳለበት ላስረዳ። ከሁሉ በፊት ዱካውን ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደዘረጋው በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፤ በደንብ የተደራጀ ቡድን መልሱ አለው። ውሾቹ የሚሄዱበትን መስመር ማስተዋል ቀጣዩ ነው። ሰው የዘረጋው ዱካ ፈረስ ወይም ሰው ሊያልፍበት በሚችል ቦታ ይሄዳል፤ ቀበሮ ግን ጠረኑን ለማጥፋት ከበጎች መንጋ መካከል ይገባል፣ በግንብ ላይ ይሮጣል፣ ባለፈበት ይመለሳል፣ ሰው ጨርቅ ሊጎትትበት በማይችል እሾሃማ ጥሻ ውስጥ ይሽሎከሎካል። ውሾቹ ከዱካው ሲወጡ መሪውና ረዳቶቹ በጅራፍና በመለከት ይመልሷቸዋል ወይስ ቆመው ያዳምጣሉ? አካፋና ቴሪየር የጫኑ ሰዎች አብረው አሉ? ሰው ሠራሽ ዱካ ጉድጓድ አይገባም፤ ማኅበራቱ ግን እነዚህ ሰዎች የመጡት አጥርና በር ለመጠገን ነው ይላሉ፤ ያም አንዳንዴ እውነት ስለሆነ፣ የሚጠግኑት ነገር መኖሩን ማየት ነው። ባጀር የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ የዱር እንስሳ መኖሪያ በአዲስ አፈር ተደፍኖ ከተገኘ ደግሞ ያ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚጠቅመው ተያይዞ የተመዘገበ ነገር ነው፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የቪዲዮው ያልተቆረጠ ቅጂ፣ ከማሳደዱ በፊት የነበሩት ደቂቃዎች ጭምር። ቀበሮውን ብቻ ያሳየ ቪዲዮ ስለ ውሾቹ መሪ ዓላማ አይናገርም፤ መሪው ቀበሮውን ማየቱንና ከዚያ በኋላ ያደረገውን የሚያሳየው ግን ብዙ ይናገራል። ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ ስድስት ወር በመሆኑ ለፖሊስ ቶሎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ከሕዝብ የእግር መንገድ መውጣት፣ ውሾችን መንካት፣ ፈረስ ማስደንገጥ አይገባም፤ በ1994 የወጣ ሕግ በግል መሬት ገብቶ ሕጋዊ ተግባርን ማደናቀፍ ወንጀል ነው ይላል። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች በሁለቱም ወገን ሲጋጩ የታዩባቸው ጊዜያት አሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚጎዳው ሰውንም ጉዳዩንም ነው።

ቁጥሮችንና ረቂቆችን ማንበብ

በአደን ሕጉ የተቀጡ ሰዎች ቁጥር በሁለቱም ወገን ይጠቀሳል። ልብ መባል ያለበት ከተቀጡት ብዙዎቹ የታወቁ የአደን ማኅበራት አባላት ሳይሆኑ በግላቸው የዱር ጥንቸልና አጋዘን በውሻ የሚያሳድዱ ሰዎች መሆናቸው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሕጉ በማኅበራቱ ላይ እንደሠራ አያሳይም፤ የማኅበራቱ አባላት ቅጣት ማነስም ንጽሕናን አያረጋግጥም፤ ዓላማን ማስረዳት ከባድ መሆኑን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሲቀርብም የተጠየቀው ጥያቄ ስለ ቀበሮ ነው ወይስ ስለ ጠረን ዱካ፣ የተጠየቁትስ የገጠር ነዋሪዎች ይገኙበታል ወይ ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

የሌበር ፓርቲ በ2024 የምርጫ ሰነዱ የጠረን ዱካ አደንን ለማገድ ቃል ገብቶ መንግሥት መሥርቷል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲቀርብ ርዕሱን አይቶ ከመደሰት ወይም ከመናደድ በፊት መመርመር ያለባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ወንጀሉ አሁንም ዓላማን ማስረዳት ይጠይቃል ወይስ ውሾቹ እንስሳ እንደሚያሳድዱ እያወቁ በግዴለሽነት መልቀቅም ይበቃል የሚለው ነው፤ ይህ ካልተለወጠ ሌላው ለውጥ ሁሉ ብዙም አይራመድም። በ2021 በኮርንዎል አንዲት ድመት በመኖሪያ ሠፈር በአደን ውሾች ስትገደል እንደታየው፣ ጉዳት ያለ ዓላማም ይደርሳልና። ሁለተኛው ረቂቁ የድራግ አደንንና የብለድሃውንዱን አደን በግልጽ ይጠብቃል ወይ የሚለው ነው፤ እነርሱን በስህተት የሚመታ ሕግ ያለ ጥፋታቸው ሰዎችን ከመቅጣቱም በላይ ማኅበራቱ ሊሸጋገሩበት የሚችሉትን ብቸኛ መንገድ ይዘጋል። ከዚህ ሌላ አንድ ውሻ ጉድጓድ መላክን የሚፈቅደው አንቀጽ ይቀራል ወይስ ይሰረዛል፣ ለተራራማው አካባቢ በግ አርቢዎች እንደ ስኮትላንድ ያለ የፈቃድ ሥርዓት ይኖራል ወይ፣ እንዲሁም ለለውጡ ለማኅበራቱ ሠራተኞችና ለውሾቹ የተሰጠው የመሸጋገሪያ ጊዜ ምን ያህል ነው የሚሉት መታየት አለባቸው። ሕዝብ አስተያየቱን እንዲሰጥ ሲጋበዝ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብሎ ከመላክ ይልቅ በእነዚህ አንቀጾች በእያንዳንዳቸው ላይ ምክንያቱን ጽፎ መላክ ረቂቁን በሚያዘጋጁት ሰዎች ዘንድ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።